የአምባዞ መርዶ

ሐዋሳ ውስጥ አሞራ ገደል የሚባለው የሐይቅ ዳር ስፍራ ዛሬ የሚታወቀው በዓሣው ነው። ጠዋት ጀልባዎቹ ከሐይቁ ሲመለሱ ቆሮሶውና አምባዛው ይራገፋል፣ በቢላ ይሰነጠቃል፣ ሆድ ዕቃው ወደ ዳር ይወረወራል፤ ቁመቱ ከልጅ የሚስተካከለው አባ ኮዳም ክንፉን አጣጥፎ፣ መላጣ ራሱን ወደ ትከሻው ቀብሮ ድርሻውን ይጠብቃል። ለጎብኚ ደስ የሚል ትዕይንት ነው። «አሞራ» የሚለው ቃል ግን በአማርኛ የጦርነት አነጋገር ውስጥ ሌላ ክብደት አለው። አንድ ወታደር «የአሞራ ሲሳይ ሆነ» ከተባለ ሞተ ማለት ብቻ አይደለም፤ አፈር አልለበሰም፣ ካህን አልፈታውም፣ የት እንደወደቀ ለወገኑ የሚነግርለት ሰው አልተገኘም ማለት ነው። የቀድሞ ዘማች ከሞት ይልቅ ይህን ይፈራ ነበር። ከሰማይ ወርዶ በኢትዮጵያ ምድር ስለቀረ አብራሪ ስናነሣም ጀግንነቱን ከመመዘናችን በፊት የሚመጣው ጥያቄ ይኸው ነው፤ ማን አየው፣ ለማንስ ተነገረ?

በ1933 ዓ.ም. ሐዋሳ የሚባል ከተማ ገና አልተቆረቆረም፤ የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ግን የጦር መንገድ ነበሩ። ከኬንያ የሚነሡት የደቡብ አፍሪካ አውሮፕላኖች ሻሸመኔ የነበረውን የኢጣሊያ አየር ማረፊያ ደብድበዋል፤ ሻሸመኔም ግንቦት 6 ቀን 1933 ዓ.ም. ከኢጣሊያ እጅ ወጣች፣ ይርጋለምና ሶዶ በዚያው ወር ተከተሉ። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ገብተዋል፤ የኢጣሊያው እንደራሴ ዱክ ዳኦስታም በግንቦት አምባ አላጌ ላይ እጁን ሰጥቷል። ክረምቱ ሲወጣ በኢጣሊያ እጅ የቀረው ዋና ምሽግ ጎንደርና ዙሪያው ብቻ ነበር፤ አዛዡ ጄኔራል ጉሊዬልሞ ናሲ ይባላል። ከሊማሊሞ አናት የተቀመጠው የወልቀፊት ምሽግ አርበኞችና የእንግሊዝ ጦር ለወራት ከበውት ከቆዩ በኋላ መስከረም 17 ቀን 1934 ዓ.ም. ሲወድቅ የሰሜኑ መንገድ ተከፈተ። እንግሊዞችና ደቡብ አፍሪካውያን በዳባትና በአዲ አርቃይ አውሮፕላን ማሳረፍ ጀመሩ። በ1928 ዓ.ም. የኢትዮጵያን ሰማይ ብቻውን ይዞት የነበረው የኢጣሊያ አየር ኃይል በዚያ ጥቅምት ጎንደር ላይ የቀሩት ተዋጊ አውሮፕላኖች ሁለት ያህል ነበሩ።

ጥቅምት 14 ቀን 1934 ዓ.ም. ከእነዚህ አንዱን፣ ፊያት ሲ አር 42 የሚባለውን፣ ይዞ የተነሣው መቶ አለቃ ኢልዴብራንዶ ማላቮልቲ ነው። የኢጣሊያ ጸሐፊዎች እንደሚሉት የተላከው የዳባትንና የአዲ አርቃይን ማረፊያዎች በመትረየስ እንዲመታ ነበር። መንገድ ላይ የደቡብ አፍሪካ አየር ኃይል ግላዲያተር ተዋጊ አውሮፕላኖች አገኙት። ከእነሱ አንዱን የሚያበረው መቶ አለቃ ላንስሎት ሆፕ መጀመሪያ ከ270 ሜትር ያህል ርቀት ተኮሰ። ማላቮልቲ አውሮፕላኑን ጠምዝዞ ሊያመልጥ ሞከረ፤ ሆፕም ተከትሎ ከ20 ሜትር በማይበልጥ ርቀት ደገመው። በ20 ሜትር ርቀት አብራሪ የፊተኛውን አብራሪ ራስ ያያል፤ የሚተኮስበት ሰው ነጥብ መሆኑ ቀርቶ አንገት ያለው ሰው ይሆናል። ትንሽ የእሳት ብልጭታ ታየ፤ አውሮፕላኑ እየተሽከረከረ ከጎንደር በስተ ሰሜን አምባዞ አጠገብ ወድቆ ነደደ። በማግስቱ ስብርባሪው ሲገኝ የአብራሪው ሬሳ እመቀመጫው ላይ እንዳለ ነበር። ደቡብ አፍሪካውያንም አምባዞ ላይ በነበረው የኢጣሊያ ምሽግ በአየር አንድ መልእክት ጣሉ፤ ለፊያቱ አብራሪ ክብር መስጠታቸውንና ጀግና ሰው እንደነበር የሚገልጽ፣ ከሁለት ዓረፍተ ነገር የማይበልጥ ወረቀት። በምሥራቅ አፍሪካ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አውሮፕላን ከአውሮፕላን ተዋግቶ የጣለበት የመጨረሻው ጊዜ ይህ ሆነ። ጎንደር ኅዳር 18 ቀን ተያዘች።

ሁለቱ አውሮፕላኖች በዓለም ደረጃ ጊዜያቸው ያለፈባቸው ነበሩ። የማላቮልቲው ፊያት ሲ አር 42 እና የሆፕ ግሎስተር ግላዲያተር ሁለቱም ክንፋቸው ድርብ፣ እግራቸው የማይታጠፍ ነው፤ የፊያቱ አብራሪ ራሱ ለነፋስ የተጋለጠ ነበር። በዚያው ወቅት በአውሮፓ የሚዋጉት አውሮፕላኖች ባለ አንድ ክንፍ ሆነው በሰዓት ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ ይበሩ ነበር፤ ፊያቱ 440 ገደማ፣ ግላዲያተሩ ከዚያ ያነሰ። በሌላ አነጋገር አምባዞ ላይ የተገናኙት ሁለት የተመጣጠኑ፣ ሁለቱም ያረጁ መሣሪያዎች ናቸው። ታሪኩን ለአውሮፓ አንባቢ ውብ ያደረገውም ይህ እኩልነት ነው፤ የመጨረሻዎቹ ባለ ድርብ ክንፎች፣ በተራራ ላይ ሰማይ፣ አንዱ ለአንዱ ባርኔጣውን እንዳነሣ ያህል የተሰናበቱበት ሆኖ ይተረካል።

ውበቱን ከመቀበላችን በፊት ማስረጃውን እንመርምር፤ ምክንያቱም ሁለቱ ወገኖች በአንድ ነገር አይስማሙም። ማላቮልቲ ከሞተ በኋላ ለጀግንነት የሚሰጠው የኢጣሊያ የወርቅ ሜዳይ ተሸልሟል። ከሜዳዩ ጋር የተጻፈው ቃል አንድ ግላዲያተር እንደጣለ፣ ሌላውን ተመትቶ እንዲያርፍ እንዳስገደደ፣ በሦስተኛው ግን እንደተመታ ይናገራል። በዚያ አካባቢ የነበሩት የእንግሊዝና የደቡብ አፍሪካ ጓዶች የዕለት መዝገብ ግን በዚያ ቀን የወደቀብን አውሮፕላን የለም ይላል። ከሁለቱ የበለጠ የሚታመነው መዝገቡ ይመስለኛል፤ ጓድ መሪ የጎደለበትን አውሮፕላን ሊደብቅ አይችልም፣ ምትክ መጠየቅ አለበትና። የሜዳይ ቃል ደግሞ በሽንፈት መሀል፣ ከተከበበ ምሽግ በወጣ ወሬ ላይ የሚጻፍ ነው። ይህን የማነሣው የማላቮልቲን ስም ለማሳነስ አይደለም። ብቻውን ወጥቶ መግጠሙ በራሱ በቂ ነው፤ ተጨማሪ ድል አያስፈልገውም። የማነሣው ሌላ ነገር ስለሚያሳይ ነው፤ ሁለቱ ወገኖች ስለ ድሉ ሲለያዩ ስለ አንድ ነገር ግን ፍጹም ይስማማሉ፤ ሰውየው ማን እንደሆነ፣ የት እንደወደቀ፣ በየትኛው ቀን እንደሞተ። ይህን ስምምነት የፈጠረው ያ ከአየር የተጣለ ወረቀት ነው።

ወረቀቱን አብዛኛው ሰው የሚያነበው እንደ ሙገሳ ነው። እኔ ግን ቁም ነገሩ ሙገሳው ሳይሆን መርዶው ነው እላለሁ። አምባዞ ላይ ለነበረው የኢጣሊያ ጦር ያ ወረቀት ባይጣል ኖሮ ማላቮልቲ ወጥቶ ያልተመለሰ ሰው ብቻ ይሆን ነበር፤ ተማርኮ ይሆናል፣ በረሃ ላይ አርፎ ይሆናል፣ ዛሬ ማታ ይመጣ ይሆናል። ወረቀቱ ይህን ሁሉ «ይሆናል» ዘጋው። መርዶ ምን እንደሆነ ለአማርኛ አንባቢ መንገር አያሻም። ሰው በሩቅ አገር ሲሞት ዘመድና ጎረቤት ተማክሮ፣ ሌሊት ተነሥቶ፣ ጎሕ ሳይቀድ ከሟች ወገን ደጅ ይቆማል። በር ሲንኳኳ ብዙ ሰው መሆኑን ያየች እናት ከመነገሯ በፊት ታውቃለች፤ ሽማግሌው አፉን ሳይከፍት ጩኸቷ ይቀድመዋል። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ግን ለቅሶ የለም። መርዶ ካልመጣ ፍትሐት አይደረግም፣ አርባና ሰማንያ አይቆጠርም፣ ተዝካር አይወጣም፤ ሚስት ባሏን እየጠበቀች መበለትም ባለትዳርም ሳትሆን ትኖራለች። በዚህ ምክንያት መርዶ ነጋሪ ክፉ ወሬ ቢያመጣም አይጠላም፤ ከባድ ዕዳ የከፈለ ሰው ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን እንኳ ጉዳዩን ሳያነሣ አላለፈም፤ ሁለት ዓመት ወሬው ያልተሰማ ሰው መጥፋቱ እንዲወሰን ወገኑ ፍርድ ቤት መጠየቅ እንዲችል ደንግጓል። ሕግ ለዚህ ነገር ቀጠሮ ማበጀቱ ያለ መርዶ መኖር ሰው ሊሸከመው የማይችለው መሆኑን ያሳያል።

ስለዚህ የአምባዞው ወረቀት መልካም ሥራ ነበር፤ በጦርነት ውስጥ ከተሠሩት መልካም ሥራዎች አንዱ ነው ብዬ አምናለሁ። ችግሩ የሚመጣው ታሪኩ እዚያ ተቆርጦ ሲቀርብ ነው። በዚያው ሰማይ፣ በዚያው አየር ኃይል፣ ከስድስት ዓመት በፊት የተጀመረውን ስናስታውስ መርዶ የማግኘት መብት ክንፍ ላላቸው ብቻ የተሰጠ ሆኖ እናገኘዋለን። የኢጣሊያ ጦር መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. መረብን ሲሻገር በመቶ የሚቆጠሩ አውሮፕላኖች አሰልፎ ነበር። የኢትዮጵያ አየር ኃይል ያን ጊዜ ደርዘን ያህል አውሮፕላን ብቻ ነበረው፤ አብዛኛው ለመልእክትና ለሰው ማመላለሻ እንጂ ለአየር ውጊያ የሚሆን አልነበረም። ከቺካጎ የመጣው ጥቁር አሜሪካዊ ጆን ሮቢንሰን፣ የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን አብራሪዎች ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው ዓሊ በእነዚህ አውሮፕላኖች ሠርተዋል፤ ግን ከኢጣሊያ ተዋጊ ጋር አየር ላይ ተገናኝቶ መዋጋት የሚባል ነገር አልነበረም። ኅዳር 26 ቀን ደሴ ተደበደበች፤ ታኅሣሥ 20 ቀን መልካ ዲዳ ላይ የስዊድን ቀይ መስቀል ሆስፒታል ተደበደበ፤ በመጋቢት ከማይጨው የተመለሰው ሠራዊት አሸንጌ ሐይቅ ዳር ከአየር ተጨፈጨፈ። በእነዚህ ውጊያዎች አብራሪው ከሚገድለው ሰው ጋር በ20 ሜትር አልተያየም። በማግስቱም የተገደሉትን ስም ጽፎ የጣለ የለም።

ከዚያ ዘመን አንድ ሞት ብቻ ለይቼ ላንሣ። የጦር ሚኒስትሩ ራስ ሙሉጌታ በየካቲት 1928 ዓ.ም. ከአምባ አራዶም ጦርነት በኋላ ጦራቸው ተበትኖ ወደ ደቡብ ሲያፈገፍጉ ልጃቸው ታደሰ መገደሉን፣ ሬሳውም መዋረዱን ሰሙ። ወደ ኋላ ተመለሱ። ሽማግሌ ሰው ናቸው፣ በአድዋ የዘመቱ፤ ሲሸሹ የነበረው ሕይወታቸውን ለማዳን ቢሆን ኖሮ ባልተመለሱ ነበር። የተመለሱት ልጃቸው የአሞራ ሲሳይ እንዳይሆን ነው። በዚያው መንገድ ላይ በአውሮፕላን መትረየስ ተመትተው ወደቁ። አባት መርዶ ሰምቶ ሬሳ ሊያነሣ ሲሄድ ከአየር ተገደለ ማለት ነው። አምባዞን ባሰብሁ ቁጥር ይህን ሞት ከአጠገቡ አስቀምጠዋለሁ፤ የገደላቸው የማላቮልቲ አየር ኃይል ነው።

ራስ ሙሉጌታ ስም ስላላቸው ታሪካቸው ቀረ። ሌሎቹስ? ከጦርነቱ በኋላ የኢትዮጵያ መንግሥት ለዓለም ባቀረበው መግለጫ በአምስቱ ዓመት የወረራ ዘመን የሞተው ሕዝብ 760,300 ነው ይላል፤ ከዚህ ውስጥ በቦምብ የተገደሉት ሴቶች፣ ሕፃናትና አቅመ ደካሞች 17,800 ተብለው ለብቻ ተቆጥረዋል። ቁጥሩን ልብ ብለን እንየው። 17,793 አይደለም፣ 17,812ም አይደለም። በሁለት ዜሮ የሚያልቅ ቁጥር ስም ተጠርቶ የተደመረ ሳይሆን ከሩቅ የተገመተ ነው። ግምቱ ሊበዛም ሊያንስም ይችላል፤ ታሪክ ጸሐፊዎች ይከራከሩበታል። የሚያከራክር ያልሆነው ነገር ግን ከእነዚህ ሰዎች ብዙዎቹ በማንኛውም መዝገብ ላይ በስማቸው አለመገኘታቸው ነው። በሌላ በኩል ማላቮልቲ ስሙ፣ ማዕረጉ፣ ጓዱ፣ የሞተበት ቀንና ቦታ፣ የገደለው ሰው ስም ሳይቀር ተመዝግቧል። የመርዝ ጋዙ ነገር ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው። ኢጣሊያ ጋዝ መጠቀሟን የመከላከያ ሚኒስትሯ ዶሜኒኮ ኮርቾኔ ለፓርላማ በይፋ ያመነው በ1988 ዓ.ም. የካቲት አካባቢ ነው፤ የታሪክ ጸሐፊው አንጄሎ ዴል ቦካ ለረጅም ዓመታት ከወተወተ በኋላ። ተከዜ ዳር በጋዝ ለተቃጠለ ገበሬ መርዶው 60 ዓመት ፈጀ፤ ሲመጣም ስም አልያዘም።

እዚህ ላይ የሚነሣ ተቃውሞ አለ፤ ፍትሐዊም ነው። ማላቮልቲ በ1928 ጋዝ ጣለ የሚል ማስረጃ የለም፤ በ1934 ጥቅምት የሠራው ከሚመጣጠነው፣ እንዲያውም በቁጥር ከሚበልጠው ጠላት ጋር መዋጋት ነው። አንድን ሰው በለበሰው የደንብ ልብስ ብቻ በሌሎች ኃጢአት መክሰስ ፍርድ ማጓደል ነው። እስማማለሁ። ግን እኔ የምከሰው ሰውየውን ሳይሆን ታሪኩ የተቆረጠበትን ቦታ ነው። ያ አውሮፕላን በጎንደር ሰማይ ላይ የተገኘው ጎንደር የኢጣሊያ ስለሆነች አልነበረም፤ በ1928 ከአየር በተፈጸመው ነገር ኃይል ተይዛ ስለነበር ነው። «የመጨረሻው የአየር ውጊያ» ብሎ የሚጽፍ ሰው መጨረሻ ለሚለው ቃል መጀመሪያ ማበጀት አለበት፤ መጀመሪያው የሁለት አብራሪዎች ግጥሚያ ሳይሆን አብራሪና ከሥሩ የሚሸሽ ከብት ጠባቂ ነው። ይህ ሲታከል የሆፕ ወረቀት አይኮሰምንም፤ እንዲያውም ምን ያህል ብርቅ ነገር እንደነበር ይታያል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከበድ ይላል። ኢትዮጵያውያንስ የወደቀ አብራሪ ሲያገኙ ምን አደረጉ? የኢጣሊያዊው አብራሪ የቲቶ ሚኒቲ ጉዳይ ይጠቀሳል። ታኅሣሥ 16 ቀን 1928 ዓ.ም. ደገሃቡር አካባቢ አውሮፕላኑ ተገዶ አረፈና እሱና ጓደኛው ተገደሉ፤ ኢጣሊያም ሬሳቸው ተቆራርጧል ብላ በዓለም ፊት ጮኸች፣ ጋዝ የጣልነው ለዚህ ብቀላ ነው አለች። በዚያ ሜዳ የተደረገው ጭካኔ ካለ ጭካኔ ነው፤ በተገደሉት ኢትዮጵያውያን ብዛት አይታጠብም። ምክንያቱ ግን በቀን መቁጠሪያ ይፈርሳል። ሙሶሊኒ ግራዚያኒ ጋዝ እንዲጠቀም በቴሌግራም የፈቀደለት በጥቅምት፣ ሚኒቲ ከመሞቱ ሁለት ወር በፊት ነው፤ በሰሜን ግንባር ተከዜ ላይ በራስ እምሩ ጦር ላይ ጋዝ የወረደውም ሚኒቲ ከመውደቁ ጥቂት ቀናት አስቀድሞ ነው። ብቀላ ከበደሉ ሊቀድም አይችልም። የሚኒቲ ስም ዛሬ በደቡብ ኢጣሊያ በሬጆ ካላብሪያ አየር ማረፊያ ላይ ይጠራል፤ እሱም መርዶውንም መታሰቢያውንም አግኝቷል።

ከሚኒቲ ይልቅ ሊያነጋግረን የሚገባው የቦነያ ታሪክ ነው፤ ምክንያቱም እዚያ አድራጊዎቹ የተማሩ መኮንኖች ነበሩ። በሰኔ 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከተያዘች ሁለት ወር ሳይሞላ ሦስት የኢጣሊያ አውሮፕላኖች ነቀምቴ አጠገብ ቦነያ ሜዳ ላይ አረፉ። ከተሳፋሪዎቹ መካከል የአየር ኃይሉ ጄኔራል ቪንቼንዞ ማሊዮኮና በአገሩ ዝነኛ የሆነው አብራሪ አንቶኒዮ ሎካቴሊ ነበሩ፤ ዓላማቸው ምዕራቡን አገር ያለ ጦርነት ለኢጣሊያ ማስገበር ነው። የጥቁር አንበሳ አርበኞች፣ ከእነሱም መሀል የሆለታ ጦር ትምህርት ቤት ልጆች፣ ሌሊት ከበው አውሮፕላኖቹን አቃጠሉ፣ ሰዎቹን ገደሉ፤ የተረፈው ቄሱ ማሪዮ ቦሬሎ ብቻ ነው። ለኢጣሊያኖች ይህ የተኛ ሰው ግድያ ነው። ለአርበኞቹ ሰማዩን ሙሉ በሙሉ የያዘ ጠላት ሊመታ የሚችልበት ብቸኛ ሰዓት፣ መሬት የነካበት ሰዓት ነበር። እኔ ሁለተኛውን ፍርድ እቀበላለሁ፤ ያም ሆኖ የሟቾቹ እናቶች እንዳለቀሱ አልዘነጋም። ግን መርዶው እነሱንም ደርሷቸዋል፤ ቦሬሎ ተርፎ ተናግሯል፣ የማሊዮኮ ስም በሲሲሊ ለኮሚዞ አየር ማረፊያ ተሰጥቶ ነበር። ከጥቁር አንበሳ መሪዎች መካከል በላይ ኃይለአብና ክፍሌ ናሲቡ በኋላ ተማርከው ከየካቲት 12 ጭፍጨፋ በኋላ ተገደሉ። ለእነሱ ቤተሰቦች ከሰማይ ወረቀት የሚጥል አልነበረም።

«ክንፍ ያለው መርዶ ያገኛል» ማለቴን የሚያፈርስ የሚመስል አንድ ምሳሌም አለ፤ ሳልጠቅሰው ባልፍ ማታለል ይሆናል። የደቡብ አፍሪካው ሻምበል ጆን ፍሮስት መጋቢት 6 ቀን 1933 ዓ.ም. ድሬዳዋ ላይ ከመሬት ተመትቶ ጠላት ባለበት ሜዳ አረፈ። ጓደኛው ቦብ ከርሾው ተኩስ እየዘነበ የራሱን ሀሪኬን አጠገቡ አሳረፈ። አውሮፕላኑ የአንድ ሰው ነው፤ ፍሮስት በጓደኛው ጭን ላይ ተቀምጦ መሪውን ያዘ፣ ከርሾው ከሥሩ ሆኖ ሌላውን መሣሪያ እየነካ ሁለቱም ወጡ። ድሬዳዋ ላይ በዚህ ዓይነት የተረፈው ሰው ግን በዓመቱ፣ በሰኔ 1934 ዓ.ም.፣ በሊቢያ በረሃ ውጊያ ላይ ጠፋ፤ እሱም አውሮፕላኑም እስከ ዛሬ አልተገኙም። እንግዲህ ክንፍ ብቻውን መርዶ አያስገኝም። ሆኖም ፍሮስት ሲጠፋ የጠፋበት ሰዓትና አቅጣጫ ተመዘገበ፤ መቃብር የሌላቸው ሙታን በስም በሚታሰቡበት በኤል አላሜይን መታሰቢያ ላይም ስሙ ተቀረጸ። ሬሳ ባይገኝም መንግሥቱ «የእኔ ሰው ነበር፣ እዚህ አካባቢ ቀረ» ብሎ በድንጋይ ጽፎ ለወገኑ ነገረ። ይህ ጎደሎ ቢሆንም መርዶ ነው።

ከዚህ በኋላ ጥያቄው ወደ ራሳችን ይዞራል። ኢትዮጵያ ክንፍ ካበጀች በኋላ የጠፉ የራሷ አብራሪዎች አሏት። በሶማሊያ ጦርነት በኤፍ 5 ተዋጊነታቸው የታወቁት ለገሠ ተፈራ ተመትተው ከወደቁ በኋላ 11 ዓመት ሶማሊያ ውስጥ ታስረው፣ ሁለቱ መንግሥታት በ1980 ዓ.ም. ሲስማሙ ተመለሱ፤ በጊዜው ከፍተኛ የሆነውን የጀግና ሜዳይም ተቀበሉ። ኮሎኔል በዛብህ ጴጥሮስ በደርግ ዘመን ኤርትራ ላይ ተመትተው ለዓመታት ተማርከው ነበር፤ ተፈትተው ወደ አየር ኃይሉ ተመለሱ። ግንቦት 29 ቀን 1990 ዓ.ም. በኢትዮጵያና በኤርትራ ጦርነት መጀመሪያ አስመራ ላይ ሚግ 23 እያበረሩ ለሁለተኛ ጊዜ ተመቱ፤ በሕይወት ተያዙ። ከአልጀርሱ ስምምነት በኋላ በ1994 እና በ1995 ዓ.ም. ሁለቱ አገሮች በቀይ መስቀል በኩል የተመዘገቡ የጦር ምርኮኞችን ሲለቁ ከተመለሱት መካከል እሳቸው አልነበሩም። በ2010 ዓ.ም. ሁለቱ መንግሥታት ሲታረቁ፣ አስመራና አዲስ አበባ በአውሮፕላን ሲገናኙም ስለ እሳቸው ይፋ የሆነ መልስ አልተሰማም።

በጦርነት ጊዜ የሚደረገውና የሚደበቀው ብዙ ነው፣ ሁሉንም በአንድ ሚዛን ማየት አይቻልም የሚል ይኖራል። ግን አምባዞ ላይ የተደረገው ነገር ሚዛኑን ቀላል አድርጎታል። ያ ወረቀት የተጣለው ጦርነቱ አልቆ፣ ስምምነት ተፈርሞ፣ ሽማግሌ ገብቶ አይደለም። ጎንደር ገና አልተያዘችም፤ ወረቀቱ ከተጣለ በኋላም በኩልቋል በርና በአዘዞ ዙሪያ ብዙ ሰው ሞቷል። የጣሉት ሰዎች በማግስቱ እነዚያኑ ምሽጎች ሊደበድቡ ይችሉ ነበር፤ የተቀበሉትም ሊተኩሱባቸው። ሁለት የሚገዳደሉ ሠራዊቶች በአንድ ሌሊት ውስጥ መርዶ መነጋገር ከቻሉ፣ ሁለት መንግሥታት በሰላም ጊዜ ስለ አንድ ሰው በሕይወት መኖር ወይም መሞት መነጋገር የሚያቅታቸው ምን ችግር ኖሮ ነው? ለኢልዴብራንዶ ማላቮልቲ ወገኖች ወሬው በማግስቱ ደርሷል። የኮሎኔል በዛብህ ቤተሰብ ከ1990 ዓ.ም. ግንቦት 29 ጀምሮ ጎሕ በቀደደ ቁጥር የሚንኳኳ በር እንደሰማ ነው፤ ደጁ ላይ ግን እስካሁን የቆመ ሽማግሌ የለም።